የእናቴ ቢጫ ሻሽ

ካፒቴን ኃይለመስቀልን የጠላሁት ስጠራው ስለማይመልስልኝ ነው። ሌላው ምክንያት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ግን ይኼው ነበር።

ሶዶ፣ እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጡረታ የወጣ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ረጅም፣ ጫማው ጭቃ በበዛበት ወር እንኳ የሚያብረቀርቅ። ጠዋት ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ከኋላው ቆሜ «ካፒቴን! ሳሮ!» እለዋለሁ። ሳሮ የእኛ የወላይታ ሰላምታ ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ቃል። እሱ ግን ዞር አይልም። «ሳሮ! ሳሮ! ሳሮ!» ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮሃለሁ፤ እሱ ውሃውን ይረጫል። ዞሬ ፊቱ ስገተር ብቻ፣ ገና አሁን እንደደረስኩ ሁሉ፣ «እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት!» ይለኛል። ግቢውን የሚያናውጥ ድምፅ ነበረው።

ኩሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፊቱ ቆመው ካልሰገዱለት የማይመልስ ኩሩ። በአፌ አንቱ እለው ነበር፤ በልቤ ግን አንድ ቀንም ብዬው አላውቅም። ሰባት ዓመቴ ነው። ስሜ ትህትና ነው። አባቴ ነው ያወጣው፤ ምን እንደወለደ ገና ሳያውቅ።

አባቴ ደገፉ ወደ አረካ በሚወጣው መንገድ ዳር ጋራዥ ነበረው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ልቡ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከብት የሚግጥበት የድሮ ማረፊያ ሜዳ ጫፍ፣ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። እዚያ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ተጥላለች። አንድ ሞተር፣ ሁለት ወንበር፣ የጨርቅ ክንፍ። አዎ፣ ጨርቅ። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ፣ ጭራዋን መሬት ላይ ጥላ፣ እንጀራ እንደሚጠብቅ ውሻ ቁጭ ብላለች።

አባቴ ያደገው ከሃላሌ ወዲያ፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ነው። በድርቁ ጊዜ ልጅ ሆኖ ሊሞት ሲል ከዚያ አንስታ ሐኪም ቤት ያደረሰችው እሷ ነበረች። «እኔ ከእሷ ሆድ ሁለተኛ ተወልጃለሁ» ይል ነበር። እኔም እንዳለ ወሰድኩትና አውሮፕላኗን «አያቴ» እላት ጀመር። ሰው ይስቃል። አባቴ አይስቅም።

የአያቴ ባለቤት የሆነው ጽሕፈት ቤት ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጣት ነበር። አባቴ ሄዶ ለመነ። እኔም እጁን ይዤ አብሬ ነበርኩ። ሰውየው ከጠረጴዛው ማዶ እንዲህ አለ፤ «ቅዳሜ ኮሚቴው ይመጣል። ሞተሯ ፊታችን ከተነሳ ትጠበቃለች፤ ካልተነሳ ሰኞ ትቆረጣለች። ደግሞ የሚያስነሳት ፓይለት ይሁን። ጤንነቱ የተሟላ ፓይለት።»

«አዎ» አለ አባቴ።

«ጤንነቱ የተሟላ። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለ አባቴ እንደገና። ሁለተኛው አዎ ቀጠን ያለች ነበረች። እኔ ከረሜላ ስለማይሰጡን ተናዶ ነው ብዬ ነበር።

አያቴ እንደ ባጃጅ ቁልፍ ተዙሮ የምትነሳ አይደለችም። ካፒቴን ውስጥ ይቀመጣል፤ እሳቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ እጁ ላይ ነው። አባቴ ከፊት ቆሞ ውልብልቢቱን፣ ያንን ከእንጨት የተጠረበ ረጅም ምላጭ፣ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ይመታና ወደ ኋላ ይሸሻል። አፍንጫዋ ቀና ያለ ስለሆነ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፊቷ የቆመውን አያየውም። ስለዚህ ይጠራራሉ።

«ክፈት!» ይላል አባቴ። ሌላ ጊዜ አንቱ የሚለውን ሰው እዚህ ላይ ብቻ አንተ ይለዋል።

«ተከፍቷል!» ይላል ካፒቴን፣ በዚያ ድምፁ።

አባቴ ይመታል። አያቴ ታስላለች፤ ጭስ ትተፋለች፤ ዝም ትላለች።

«ዝጋ!»

«ተዘግቷል!»

«ተዘግቷል ሳይባል ምላጩን የሚነካ ሰው እጁን አይወደውም ማለት ነው» ብሎኛል አባቴ። እኛ ልጆች ግቢ ውስጥ በበርሜል ስንጫወተው እንውል ነበር። ክፈት፣ ተከፍቷል! ዝጋ፣ ተዘግቷል!

ቅናቴ እዚህ ጋ ይጀምራል። አባቴ ከዚያ ሁሉ ብረት ጀርባ ሆኖ ሲጣራ ካፒቴን ወዲያው ይመልሳል። እኔ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ «ካፒቴን፣ እኔም ልቀመጥ?» ስለው አይመልስም። የሚያየው እናቴን ብቻ ነው።

እናቴ ሣራ ልብስ ሰፊ ናት። የክንፉን አቡጀዲ በእጇ የሰፋችው እሷ ነች። ሞተር ሲሞከር ደግሞ ከክንፉ ጫፍ ራቅ ብላ ትቆማለች። ቢጫ ሻሿን ከራሷ ፈትታ በእጇ ትይዛለች። ከፍ ታደርገዋለች፤ ዝቅ ታደርገዋለች። ካፒቴን ዓይኑን ከእሷ ላይ አይነቅልም።

አሁን ቦታው ሲታወሰኝ ሦስቱም በየቦታቸው ይታዩኛል። አባቴ ካፒቴንን አያየውም። ካፒቴን አባቴን አያየውም። ሁለቱንም የምታይ እናቴ ብቻ ነበረች። ያኔ ግን እኔ ያየሁት ባል ያላት ሴት ለተከራይ ሻሽ ስታውለበልብ ነው። ነገሩን በዓይኔ ብቻ አልነበረም ያየሁት፤ የጎረቤታችንን የሽታዬን ዓይን ተውሼ ነበር።

ሽታዬ አጥራችን ላይ የበቀለች እስኪመስል ከዚያ የማትጠፋ ሴት ናት። «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። እናትሽና ያ ሰውዬ ግቢ ውስጥ ምን ያወራሉ?»

«አላውቅም። ድምፅ የለውም።»

«ምን ማለትሽ ነው ድምፅ የለውም?»

«እማዬ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ እሱ ይመልሳል። የእሷ ድምፅ ግን አይሰማም።»

ሽታዬ ይህን ሳልነግራትም ታውቀው ነበር፤ እሷም አይታለች። «ጦሳ ይይልህ!» አለች ወደ ሰማይ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ አምላክን በወላይትኛ። «ባሏ አጠገቧ እያለ በሹክሹክታ!»

ካፒቴን ከሰው ሁሉ የሚሸሸው የመጋዘኑን ዘበኛ ኤርሳዶን ነበር። ኤርሳዶ ከንፈሩን ሸፍኖ አገጩ ላይ የሚወርድ ጢም አለው። «ካፒቴን፣ ሳሩ ላይ ዝናብ ገብቷል፤ ጎማው እንዳይሰምጥ» ሲለው፣ ካፒቴን «አዎ፣ አዎ፣ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እኔና ኤርሳዶ ተያይተን እንስቃለን። ትልቅ ሰው ሲጃጃል ደስ ይላል።

የሽታዬ ወሬ ከአጥር ወደ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጉባኤያችን ሽማግሌ አቶ ዳልጮ ቤታችን መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም «አንተ ትህትና፣ ውሃ አምጣ» ይሉኛል። ውሃ አመጣሁና መጋረጃው ጀርባ ቀረሁ።

«ደገፉ ወንድሜ፣ ሰው እያወራ ነው። ሻሽ ፈትቶ ለወንድ ማውለብለብ ምንድን ነው?»

የአባቴ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሥራ ነው አባባ» አለች እናቴ።

«የምን ሥራ? አንተ ክንፉን ሰፍተህ ጨርሰሃል። ከዚያ በኋላ የሴት ሥራ እዚያ ምን አለ? እስቲ አስረዳኝ፤ እኔም ለሰው ላስረዳ።»

የአባቴ ጫማ ሲሚንቶው ላይ ሲፋተግ ይሰማኛል። አቶ ዳልጮ በረጅሙ ጸለዩና ሄዱ።

«ንገራቸው!» አለች እናቴ በሩ እንደተዘጋ። ስታለቅስ ድምጿ ይቀጥናል። «ንገራቸውና ልረፍ!»

«ብነግራቸው ነገ ኮሚቴው ጆሮ ይደርሳል። ቅዳሜ ብቻ ሣራ። አንድ ቅዳሜ።»

«እኔስ ስም የለኝም? ቅዳሜ አልሄድም።»

«ሣራ...»

«አልሄድም አልኩህ!»

አባቴ ሁሉንም ያውቃል አልኩ በልቤ። ያውቃል፤ ግን አውሮፕላኗን አስበልጦ ችሎታል። አባቴን ያን ቀን ናቅኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ወድጄው፣ አንድ ከሰዓት ናቅኩት። ደግነቱ እሱ አላወቀም።

ቅዳሜ ሜዳው ሰው ሞላው። ዳሞታ ተራራ ጉሙን ገፎ ቆሟል። የኮሚቴው ሰዎች ሱፍ ለብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። አቶ ዳልጮም መጥተዋል። ሽታዬም፣ ሌላ ምን ሥራ አላት። እናቴ ስፌቷ ላይ ቀርታለች፤ እኔን ኤርሳዶ ይዞኛል።

አባቴና ካፒቴን አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመው ያወሩ ነበር። አባቴ አንድ ጣት አሳየና የአያቴን አፍንጫ በመዳፉ አንድ ጊዜ ጠፈጠፈ። ሁለት ጣት አሳየና ሁለት ጊዜ ጠፈጠፈ። ካፒቴን በመስኮቱ እጁን አስገብቶ መዳፉን ወንበሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ። በሬ ወደ እርሻ ሲወጣ መታ መታ እንደሚደረግ፣ አይዞሽ እያሏት መሰለኝ።

ጀመሩ። አባቴ «ክፈት!» ብሎ አፍንጫዋን አንዴ ጠፈጠፈ። «ተከፍቷል!» ምላጩን መታ። ሳል። ጭስ። «ዝጋ!» ሁለቴ ጠፈጠፈ። «ተዘግቷል!» እንደገና። እንደገና። የሱፍ ለባሾቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። አባቴ ካኪው ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ነዳጅ በዛባት» አለ ኤርሳዶ። «አሁን ዘግተው ወደ ኋላ ያዞሯታል፤ ትንፋሽ እንድታወጣ።»

አባቴ «ዝጋ!» አለ። ሁለቴ ጠፈጠፈ። «ተዘግቷል!» አለ ካፒቴን። አባቴ ተረጋግቶ ምላጩን በደረቱ ተጠግቶ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ይገፋት ጀመር።

በዚህ መሃል አቶ ዳልጮ ከሰዉ ወጥተው መጡ። የዚያን ቀን የቤታችን ዝምታ ሳይከነክናቸው አልቀረም። አያቴን ከጎን ጠጋ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጌታ ሆይ፣ የዚህን ባርያህን ድካም አስብ!» አሉና ሆዷን በመዳፋቸው ጠፈጠፏት።

አንድ ጊዜ።

«ተከፍቷል!» አለ ካፒቴን።

አባቴ ቀና ሲል አየሁት። ከዚያ አያቴ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፤ ሳል የለ፣ ጭስ የለ፤ ሣሩ ተኛ፣ የኮሚቴው ሰዎች ባርኔጣ በረረ። ተነሳች! እጄን ከኤርሳዶ አስለቅቄ አጨበጨብኩ።

አባቴ ተንበርክኳል። ግንባሩ ሣሩን ነክቷል። እኛ ቤት ነገር ሲሳካ እንደዚያ ነው፤ ባጃጅ ሲሸጥ እንኳ ይንበረከካል። ስለዚህ እኔም ተንበረከክሁ፤ በሰንበት ትምህርት እንደተማርኩት ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰዉ በአንድ ላይ ድምፁን አሰማ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚጸለየው እንደዚያ ነው፤ ሁሉም በየራሱ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ። «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» ይላሉ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ጸሎቱ እየጋለ ሄደ። ሞተሩ ጠፋ፤ ጸሎቱ ግን አልቆመም።

«አሜን» አልኩ። ማንም ስላልተቀበለኝ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «አሜን!»

ኤርሳዶ ፊቴን ጢሙ ውስጥ ቀብሮ አንስቶኝ ሮጠ።

ሆስፒታል እናቴ ራሷን ሳትሸፍን፣ ባዶ እግሯን መጣች። አባቴን በፋሻ ጠቅልለውታል፤ የፋሻው አንድ ወገን ባዶ ነው። ጎንበስ አለችለት። በወላይትኛ ነው ያዋራት፤ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እየተነፈሰ። ካፒቴን ሲል ሰማሁ። ከዚያም፣ አትናገሪ። ለማንም አትናገሪ።

«አልናገርም» አለችው።

ሳይመሽ ሞተ።

የሰማሁትን ሰባት ዓመት በሆነው ጭንቅላቴ አገጣጠምኩት። አባቴ ሚስቱ የሠራችውን ሸፍኖላት ሞተ፤ በቃ። ሽታዬም ሌላ ነገር አላለችም፤ «የኃጢአት ደመወዝ» ብላ ቀብር ላይ ሳይቀር አንሾካሾከች። ኮሚቴው መካኒኩ ተቻኩሎ ነው ብሎ ደመደመ፤ የአባቴ ስም እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሞተሯ ተነስታ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላነሳም። ሰኞ ቆረጧት። የአፍንጫዋ ቆርቆሮ ዛሬም የሽታዬ ዶሮ ቤት በር ነው። ካፒቴን ጓዙን ሳያሰናዳ ጠፋ።

አቶ ዳልጮ ባለፈው ዓመት አረፉ። መዳፋቸው ምን እንዳደረገ ሳያውቁ ነው ያረፉት። ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔም ምን እንዳየሁ አላውቅም ነበር።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ በእናቴ የስፌት መኪና ላይ ቁልፍ መትከል ጀመርኩ። ምላሴም አብሮኝ አደገ። እናቴ ስትቆጣኝ «ሻሽ አውለብልቢልኝ እስቲ» እላታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሰችልኝም። አቀርቅራ ትሰፋለች። ይኼ ዝምታዋ ለእኔ ማስረጃ ነበር።

በዚህ ክረምት መግቢያ ካፒቴን መጣ።

ጫማው ያበራል። የቀረው ሁሉ አርጅቷል። እናቴ አስገባችው፤ ቦይና፣ የእኛን ጎደሬ፣ ቀቅላ፣ ማባያ ዳጣ አቅርባ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔ በር ላይ፣ ከጀርባው ቆሜያለሁ። እንደ ድሮው አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ የለም። የእሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ «ልናገር ሣራ። ሳልሞት ሰው ፊት ልናገር።» እሷ ራሷን ትነቀንቃለች።

«አንተ ሽማግሌ!» አልኩ። «አባቴን ቀብረህ፣ እናቴን አዋርደህ፣ አሁን ደግሞ ቦይና ልትበላ መጣህ?»

ቦይናውን ይልጣል።

«አንተን እኮ ነው! ደንቆሮ!»

ዳጣው ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። እናቴ ፊቷ አመድ ሆኗል፤ የምታየው እሱን ሳይሆን እኔን ነው። የዚያን ጊዜ ቧንቧው ጋ ያፈሰስኳቸው «ሳሮ»ዎች ሁሉ አንድ ባንድ ተመለሱብኝ። የኤርሳዶ ጢም። የአባቴ ቀጭን አዎ።

«ክፈት» አልኩ ቀስ ብዬ፣ ለጀርባው።

ምንም።

«ያኔም አይሰማም ነበር» አለች እናቴ፤ ከዓመታት በኋላ በድምፅ። «ጆሮውን የጄት ሞተር ነው የበላበት። ከንፈር እያየ ነው የሚያወራው፤ አባትሽን ካላየው ሻሼን ያያል፤ ከፍ ሲል ክፈት፣ ዝቅ ሲል ዝጋ። ኮሚቴው ቢያውቅ ፓይለት የለም፤ ፓይለት ከሌለ አውሮፕላኗ የለችም። አባትሽ ያውቃል። በኋላም አትናገሪ አለኝ፤ ያስሩታል ብሎ።»

«ለእኔስ?»

«አንቺ ምላስሽን ታውቂዋለሽ።» ዓይኗን አበሰች። «ደግሞ ምን ብዬ ልንገርሽ? ያን ቀን ስሜን ብዬ ቤት ቀረሁ ልበልሽ?»

ከካፒቴን ፊት የቦይናውን ልጣጭ ለቃቀምኩ።

ካፒቴን ምን እንደተባለ አላወቀም። ተነሳ፤ ሁለታችንንም እጅ ነሳ። እስከ በር ሸኘነው። እንደ ጥንት ሰው ጀርባውን ላለመስጠት ፊቱን ወደ እኛ እንዳደረገ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ በኋልዮሽ ወደ መንገዱ ወረደ።

አንድ አይሱዙ ከአረካ በኩል ቁልቁለቱን ይዞ ሲመጣ አየሁት። ጥሩምባው መንደሩን ሰነጠቀው። «ካፒቴን!» ብዬ ጮህኩ። ጎንበስ አለልኝ። አንድ እግሩን ወደ ኋላ ለመሰንዘር አነሳ።

እናቴ ሻሿን ከራሷ መንጭቃ ወደ ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ወደ ታች ጣለችው።

ካፒቴን አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ አለ። አይሱዙው ከጀርባው የኮቱን ጫፍ እያውለበለበ አለፈ። አቧራው ሲገለጥ እዚያው ነበር፤ እግሩን ቀስ አድርጎ ከፊቱ አኖረ፤ ዓይኑ እናቴ ላይ ነው።

«ተዘግቷል!» አለ፣ በዚያ ግቢ በሚያናውጥ ድምፁ።